ኪቦርዳችሁን አትንኩ? ስለ አቋራጭ ቁልፎች ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ቻናሎችና በመሥሪያ ቤት ግሩፖች ውስጥ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ስለ ኪቦርድ አቋራጮች፣ ማለትም ሾርትከት ስለምንላቸው ነው። መልእክቱ ቁርጥ ያለ ነው፦ ኪቦርዳችሁን ከፋብሪካ እንደወጣ ተዉት፣ አትነካኩት።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ምሳሌዎቹ ከሥራ ላይ የተወሰዱ ናቸው። ጸሐፊው ለአንባቢ እንደሚያስቡም ያስታውቃል። ብዙ ሰው የተቀባበለው ለዚህ ይመስለኛል። ምክሩ ግን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ለሚጽፍ ሰው አይሆንም። እንዲያውም ይጎዳዋል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ መልስ ልስጥ።

በቅድሚያ ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። የቁልፎቹ አቀማመጥና አቋራጮቹ በባለሙያ ተጠንተው የተሠሩ ስለሆኑ መቀየር የለባቸውም ይላሉ። ኮምፒውተር ሁሉ ያው ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል የሆነው ማክ ላይ ኮማንድ ይሆናል እንጂ ሌላው አንድ ነው ይላሉ። አቋራጭ የቀየረ ሰው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ ግራ ይጋባል ይላሉ። አማርኛ ሲበራ አቋራጭ ስለማይሠራ ለእኛ ፋይዳው ትንሽ ነው፤ የሚቆጥበውም ጊዜ ኢምንት ስለሆነ ማውዝ ይበቃል ባይ ናቸው። በመጨረሻም የቁልፍ መቀየሪያ ፕሮግራሞች ለደህንነት አስጊ ናቸው ብለው ያስጠነቅቃሉ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ተጠንቶ የተሠራ ነገር መኖሩ እውነት ነው። ላሪ ቴስለር ኮፒና ፔስትን ያዳበሩት በዜሮክስ ፓርክ ቤተ ሙከራ ሳሉ ነው። ኋላ አፕል ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ በቀረበው ሊዛ ኮምፒውተር ላይ ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ እና ቪ ለመመለስ፣ ለከት፣ ለኮፒና ለፔስት ተመደቡ። አራቱም ታችኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ግራ እጅ ሳይንጠራራ ይደርስባቸዋል፣ ቀኝ እጅ ማውዙን እንደያዘ ይቀራል። ይህ በእርግጥ የታሰበበት ሥራ ነው። እነዚህን መንካት እኔም አልመክርም።

ከዚህ ውጪ ያለው ግን ብዙው የጥናት ሳይሆን የገበያና የአጋጣሚ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን የመጀመሪያውን የአይቢኤም ፒሲ ኪቦርድ ፎቶ ፈልጋችሁ እዩ። ዛሬ ካፕስ ሎክ የተቀመጠበት፣ ከኤ በስተግራ ያለው ቦታ የኮንትሮል ነበር። ካፕስ ሎክ ታች በቀኝ በኩል ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ባለ 101 ቁልፉ ኪቦርድ ሲመጣ ኮንትሮል ወደ ታችኛው ጥግ ተገፋ፣ ካፕስ ሎክ ቦታውን ወሰደ። የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ደግሞ በ1984 ሲወጣ የቀስት ቁልፎች እንኳ አልነበሩትም። ሰው ወዶም ሆነ ሳይወድ ማውዝ እንዲለምድ ተፈልጎ ነው። በ1986 በወጣው ማኪንቶሽ ፕላስ ላይ ቀስቶቹ ገቡ። ‘የፋብሪካው አቀማመጥ’ የምንለው ነገር ራሱ ፋብሪካው ደጋግሞ የቀየረው ነው። እኛ ስንነካው ጥፋት የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ካፕስ ሎክ ልምጣ። ጸሐፊው ‘ካፕስ ሎክ እንኳ ቢሆን አትቀይሩ፣ በምክንያት ነው እዚያ የተቀመጠው’ ብለዋል። ዋናው ልዩነታችን ይህ ነው።

አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። ስለዚህ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ካፕስ ሎክ ምንም ሥራ የለውም። ሥራ ቢፈታ ግድ የለም፣ ግን ያጠፋል። በድምፅ በምንጽፍባቸው በብዙዎቹ የግዕዝ ፊደል ዘዴዎች ሺፍት የተያዘው ለሌላ ፊደል ነው። ቲ ስትጫኑ ት ይመጣል፣ ከሺፍት ጋር ስትጫኑ ጥ። ኤን ን ይሆናል፣ ከሺፍት ጋር ኝ። ሲ ች ነው፣ ከሺፍት ጋር ጭ። ዜድ ዝ ነው፣ ከሺፍት ጋር ዥ። ሌላ ወረቀት እያዩ በምትገለብጡበት ሰዓት የግራ ትንሿ ጣት ካፕስ ሎክን ነካ ካደረገች ቀና ስትሉ ዐረፍተ ነገሩ በሙሉ ጥ፣ ኝ፣ ጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ፊደል ሲያራርም ያመሸ ሰው ይህን ያውቀዋል።

በአንጻሩ ሁላችንም በቀን ስንት ጊዜ እንደምናደርገው የማይታወቅ አንድ ሥራ አለ። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መቀያየር። ስም፣ ኢሜይል፣ የድረ ገጽ አድራሻ፣ የይለፍ ቃል፣ ሁሉም መቀያየር ይፈልጋል። ለዚህ ለዋናው ሥራችን የተሰጠን ግን ሁለት ወይም ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ነው። ካፕስ ሎክ ደግሞ ከትንሿ ጣት አጠገብ፣ ምቹ ቦታ ላይ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ተሰጥቶን እጅጌውን ማሳጠር ነውር ነው እንደመባል ነው።

ደግሞም ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። ማክ ካፕስ ሎክን ከላቲን ፊደል ወደ ሌላ ፊደል መቀያየሪያ የሚያደርግ ምርጫ በራሱ የኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ አለው። ሊኑክስ የተባለው ሲስተምም አለው። የዊንዶውስ ተጠቃሚ ማይክሮሶፍት ራሱ በነፃ በሚሰጠው ፓወርቶይስ ማድረግ ይችላል። ክሮምቡክ የተባለው የጉግል ሲስተም ያለው ላፕቶፕ ደግሞ ካፕስ ሎክን ከነጭራሹ ከቦታው አንስቶ የፍለጋ ቁልፍ አስቀምጦበታል። ሠሪዎቹ ራሳቸው በር ከፍተው ትተውልናል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ኮምፒውተር ሁሉ ያው ነው የሚለው ነው። ለኮፒና ለፔስት ያህል፣ አዎ። ከዚያ አለፍ ሲል ግን አይሠራም።

ኮንትሮል ሲን ብቻ እንውሰድ። ዊንዶውስ ላይ ዎርድ ውስጥ ኮፒ ነው። ሊኑክስ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ውስጥ ግን ‘የምትሠራውን አቁም’ የሚል ትእዛዝ ነው። ይህ ትርጉሙ ከኮፒ ይቀድማል። ከዊንዶውስ የመጣ ሰው ሰዓታት የፈጀ የፋይል ዝውውር እየሄደ ሳለ ከመስኮቱ ላይ ጽሑፍ ኮፒ አደርጋለሁ ብሎ ኮንትሮል ሲ ቢጫን ዝውውሩ እዚያው ይቋረጣል። ስለዚህ ነው በሊኑክስ ተርሚናሎች ኮፒ ለማድረግ ሺፍት የሚጨመረው። ማክ ላይ ችግሩ የለም፤ ኮፒ በኮማንድ፣ ማቆም በኮንትሮል ሆኖ ተለያይቷል። ኮንትሮል ደብልዩም እንደዚሁ ነው። ተርሚናል ውስጥ አንድ ቃል ያጠፋል፣ ብራውዘር ውስጥ ግን ታቡን ይዘጋል። በብራውዘር ውስጥ የተከፈተ ተርሚናል ላይ የሚሠራ ሰው ቃል አጠፋለሁ ሲል ሥራውን በሙሉ ይዘጋዋል።

ሌላም አለ። ዊንዶውስ ላይ ሆም ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይወስዳል፣ ማክ ላይ በአብዛኛው ወደ ሰነዱ ራስ ያሸሻል። ዊንዶውስ ላይ አልት ታብ ከመስኮት ወደ መስኮት ይሄዳል፣ ማክ ላይ ኮማንድ ታብ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ነው። ሁለት የዎርድ ሰነድ ከፍታችሁ ማክ ላይ በኮማንድ ታብ ልቀያይር ብትሉ አይሆንም። ኮማንድን የሚጫነው ደግሞ አውራ ጣት ነው፣ ኮንትሮልን ትንሿ ጣት። እጅ የሚያስታውሰው ጣቱን እንጂ ቁልፉ ላይ የተጻፈውን ስም አይደለም።

በአንድ ዊንዶውስ ውስጥ እንኳ ያው አይደለም። የስፓኒሽ ዎርድ ላይ ሴቭ የሚደረገው በኮንትሮል ጂ ነው፣ ኮንትሮል ኤን ደግሞ ፊደል ያደምቃል። ጀርመን አገር የሚሸጥ ኪቦርድ ላይ ዜድና ዋይ ቦታ ተለዋውጠዋል። ፍራንክፈርት ወይም ሙኒክ ያለ ወገን በአሜሪካ አቀማመጥ የተሠራ የአማርኛ ኪቦርድ ሲጭን ዜድ ብሎ የተጻፈበት ቁልፍ ይ ያመጣለታል፣ ዋይ የተጻፈበት ዝ። የ ከአማርኛ ፊደላት ሁሉ ብዙ ከምንጠቀምባቸው አንዱ ነው። እዚያ ላለ ሰው ‘እንደተሠራ ተወው’ ማለት ‘በእያንዳንዱ ቃል ተደናቀፍ’ ማለት ነው።

ሦስተኛው ነጥባቸው ክብደት አለው። የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጡ ልማዳችሁ አብሯችሁ አይሄድም። በኢንተርኔት ካፌ፣ በጋራ ቢሮ፣ በትምህርት ቤት ላብ የሚሠራ ሰው ይህን ማሰብ አለበት። እስማማለሁ።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ነጥቡ ከራሳቸው ከሁለተኛው ነጥብ ጋር ይጋጫል። ኮምፒውተር ሁሉ ያው ከሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው ስንሄድ የምንደናገረው ለምንድን ነው? ያው ካልሆነ ደግሞ ፋብሪካው የሰጠውን መጠበቅ ከመደናገር አያድነንም። ሁለተኛ፣ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚያጣው አቋራጩን ሳይሆን አማርኛውን ነው። አንዱ ጋ ፓወር ግዕዝ፣ ሌላው ጋ ኪይማን፣ ሌላው ጋ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ብቻ፣ ሌላው ጋ ምንም የለም። የአጻጻፍ ዘዴያቸውም ይለያያል። ካፕስ ሎክን አለመንካት እዚህ ላይ ምን ይጠቅማል?

መፍትሔው ከነጭራሹ መተው ሳይሆን መምረጥ ነው። የኔ አካሄድ ቀላል ነው፦ መጨመር እንጂ መተካት የለም። ሁሉም ቦታ የሚሠሩትን ኮፒ፣ ፔስት፣ መመለስና ሴቭ አልነካም። የምጨምረው ሥራ በፈቱ ቁልፎች ላይ ብቻ ነው። ያኔ የጓደኛዬ ኮምፒውተር ላይ ስቀመጥ የጨመርኩት ይቀርብኛል እንጂ የማውቀው አይጠፋብኝም። የማይጋጭ ልማድ በሁለቱም ቤት ይኖራል። ጸሐፊው የጠቀሱት ሰው፣ ኮንትሮል ኤስን ለሌላ ሥራ ሰጥቶ ቢሮ ሲገባ ሰነድ ሴቭ ማድረግ ያቃተው፣ የጎዳው መቀየሩ ሳይሆን የቀየረው ቁልፍ ነው።

ወደ አማርኛው ነጥብ ልለፍ። ‘አማርኛ ሲበራ አቋራጭ አይሠራም’ የሚለው በጥቅሉ ትክክል አይደለም። ዊንዶውስ ላይ አማርኛ በርቶም ኮንትሮል ሲና ኮንትሮል ቪ ይሠራሉ። ሲስተሙ ቁልፉን የሚያውቀው በሚጽፈው ፊደል ሳይሆን በራሱ መለያ ስለሆነ ነው። ማክ ላይም ኮማንድ ሲያዝ አብዛኞቹ ላቲን ያልሆኑ ኪቦርዶች ለጊዜው የላቲኑን ፊደል ይሰጣሉ። አሁኑኑ ሞክሩት፣ ደቂቃ አይፈጅም።

የሚያስቸግርበት ቦታ አለ፤ እሱን ማመን አለብኝ። ሊኑክስ ላይ አንዳንድ ፕሮግራሞች አማርኛ ሲበራ አቋራጩን አያውቁትም። ቪም በሚባለው ኤዲተር ደግሞ ትእዛዙ ራሱ ባዶ ፊደል ነው። መስመር ለማጥፋት ዲን ሁለት ጊዜ መጫን ነው። አማርኛ በርቶ ከሆነ ቪም የሚደርሰው ድድ ነው፣ መስመሩም ንቅንቅ አይልም። ይህ ግን የሚፈታው በምን መሰላችሁ? በማስተካከል። ቪም ስንጽፍ ብቻ ሌላ ፊደል የሚያበራ፣ ትእዛዝ ስንሰጥ ወደ ላቲን የሚመለስ የራሱ ሴቲንግ አለው። ጸሐፊው ችግሩን አይተዋል፣ መድኃኒቱን ግን ከልክለዋል።

እንዲያውም አማርኛ ጸሐፊን የሚያሰቃዩት ትልልቆቹ ነገሮች የመጡት አቋራጮቹ እንደተሠሩ ስለቀሩ ነው። ዊንዶውስ ላይ አልትና ሺፍት አንድ ላይ ተጭነው ሲለቀቁ ቋንቋ ይቀይራሉ። ዎርድ ውስጥ አልት፣ ሺፍትና የላይ ቀስት አንቀጽ ወደ ላይ ያወጣል። አልትና ሺፍትን ይዛችሁ ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ከለቀቃችሁ ቋንቋው ተቀይሯል። ሳታውቁ የይለፍ ቃል ልታስገቡ ትሄዳላችሁ። የሚታየው ነጥብ ብቻ ስለሆነ ስህተቱ አይታይም። ደጋግማችሁ ስትሞክሩ አካውንቱ ይቆለፋል። ማክ ላይ ደግሞ ኮንትሮል ስፔስ ቋንቋ መቀያየሪያ ነው፤ ቪኤስ ኮድ በተባለው የፕሮግራመሮች ኤዲተር ውስጥ ያው ኮንትሮል ስፔስ የኮድ ጥቆማ መጥሪያ ነው። አንዱ ሁልጊዜ ሌላውን ይውጠዋል።

እነዚህ ሁሉ በሴቲንግ ይስተካከላሉ። ዊንዶውስ ላይ በአድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ ውስጥ የቋንቋ መቀየሪያውን አልት ሺፍት ማጥፋት ይቻላል፤ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ይቀራል፣ እሱ ሳይታሰብ አይነካም። እዚያው ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ መስኮት የራሱን ቋንቋ እንዲያስታውስ የሚያደርግ ምልክት ማድረጊያ አለ። ዎርዱ አማርኛ፣ ብራውዘሩ እንግሊዝኛ ሆኖ ይቆያል። በሁለት ፊደል ለሚሠራ ሰው ከዚህች ምልክት የበለጠ ውለታ የሚውል ሴቲንግ አላውቅም። ‘አትነካኩ’ የተባለ አንባቢ ግን እዚያ ገጽ ድረስ አይሄድም። ይህ ነው የሚያሳዝነኝ።

የደህንነቱን ነጥብ ቶሎ ልጨርሰው፣ ምክንያቱም በአብዛኛው ትክክል ናቸው። ቁልፍ የሚቀይር ፕሮግራም የምትጫኑትን እያንዳንዱን ቁልፍ ያያል። የይለፍ ቃልም ጭምር። ከማይታወቅ ቻናል ላይ የወረደ፣ ‘ክራክ’ የተደረገ ነገር መጫን አደገኛ ነው። በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ የአይቲ ክፍሉን ሳይጠይቁ መጫንም ተገቢ አይደለም። ሆኖም ከላይ ያነሳኋቸው አብዛኞቹ ለውጦች ምንም ፕሮግራም አይፈልጉም፤ በሲስተሙ ውስጥ ያሉ ናቸው። አቀማመጡን በራሱ ውስጥ የሚይዝ ኪቦርድም አለ። ቅያሪው ቺፑ ላይ ስለሚቀመጥ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫን ነገር የለም፤ ሌላ ቦታ ስትሄዱም ኪቦርዱን ይዛችሁ መሄድ ነው። ዋጋው ግን ለብዙዎቻችን የሚቀመስ አይደለም።

የቀረው የማውዙ ነገር ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከሚያስቡት በላይ ማስረጃ አላቸው። የአፕል የዲዛይን ባለሙያ የነበሩት ብሩስ ቶኛዚኒ እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ኩባንያው ሙከራዎች ጽፈው ነበር። ተሞካሪዎቹ ኪቦርድ ይፈጥናል ይላሉ፣ ሰዓት ሲያዝ ግን ማውዝ ቀድሞ ይገኛል ነበር ያሉት። ስለዚህ እያንዳንዱ አቋራጭ ከማውዝ ይፈጥናል ብዬ አልከራከርም። በወር አንድ ጊዜ የምትሠሩትን ነገር ከሜኑ ፈልጋችሁ ሥሩት።

በተደጋጋሚ የሚሠራ ሥራ ግን ሌላ ነው። ፍርድ ቤትና ወረዳ አካባቢ ‘ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት’ የሚል የለጠፉ ትንንሽ ቤቶችን አስቡ። አንዷ ጸሐፊ የቤት ኪራይ ውል ስታዘጋጅ ቆማችሁ ተመልከቱ። የቆየ ውል ትከፍታለች። ኤፍ 12 ተጭና በአዲስ ስም ሴቭ ታደርጋለች። ኮንትሮል ኤች ብላ የድሮውን ተከራይ ስም በአዲሱ ትተካለች፤ ስሙ ያለበት ቦታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀየራል። በሠንጠረዥ ውስጥ ያሉትን ብሩን፣ ቀኑንና የቤት ቁጥሩን በታብ እየዘለለች ታስተካክላለች። ኮንትሮል ፒ። ባለጉዳዩ ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ወረቀቱ ወጥቷል። ዓይኗ ከባለጉዳዩ መታወቂያ ላይ አልተነሳም። የአቋራጭ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው። ሴኮንዷን ብቻ የቆጠረ ሰው ይህን አያየውም። ዓይንና ሐሳብ ከሥራው ሳይነሱ እጅ የራሱን ይሠራል። ጸሐፊው ‘አቋራጭ የፕሮግራመሮች ቅንጦት ነው’ ሲሉ እነዚህን ሰዎች ረስተዋቸዋል።

ከሁሉ በላይ የረሱት ግን ማውዝ ጨርሶ የማይጠቅመውን ሰው ነው። ማየት የተሳነው ተማሪ ቀስቷ የት እንዳለች አያይም። ኤንቪዲኤ ወይም ጆውስ የተባለው ፕሮግራም ስክሪኑን ያነብለታል፣ እሱ ደግሞ ሁሉንም ነገር በቁልፍ ያዛል። ርዕስ ከርዕስ መዝለል፣ ሊንክ መክፈት፣ ፎርም መሙላት፣ ሁሉም አቋራጭ ነው። በአንድ እጁ ብቻ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ስቲኪ ኪይስ የተባለውን አብርቶ ኮንትሮልንና ሲን አንድ ላይ ሳይሆን ተራ በተራ ይጫናል። ለእነዚህ ወገኖች ‘ማውዝ ይበቃል’ የሚለው ዐረፍተ ነገር ኮምፒውተሩን መዝጋት ነው። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ካሻሻሉት ቢያንስ ይህችን ዐረፍተ ነገር እንዲያነሷት እለምናለሁ።

እኔም በበኩሌ ካፕስ ሎክን ቀይሩ ባልኩት ላይ አንድ ገደብ ማኖር ይገባኛል። ኤንቪዲኤ ላፕቶፕ ላይ ሲሠራ ካፕስ ሎክን የራሱ ዋና ማዘዣ ቁልፍ አድርጎ መያዝ ይችላል። ማክ ላይ ስክሪን የሚያነበው ቮይስኦቨርም እንዲሁ። ቤታችሁ ውስጥ ወይም ቢሮ ኮምፒውተሩን አብሯችሁ የሚጠቀም ማየት የተሳነው ሰው ካለ ካፕስ ሎክን ለእሱ ተዉለት፣ ቋንቋ መቀያየሪያውን ደግሞ በቀኝ በኩል ያለው አልት ላይ አድርጉት። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት የተጠቃሚ አካውንት ከከፈታችሁ በሲስተሙ ሴቲንግ የሚደረጉት ቅያሬዎች በአብዛኛው በየራሳችሁ አካውንት ይቀመጣሉ፤ አንዳችሁ የአንዳችሁን ልማድ ሳትነኩ መሥራት ትችላላችሁ።